ባለ ቀንድ እጀታ ሽጉጥ

አንባቢዎቼ ሆይ፥ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ጠረጴዛ ልገዛ ወጥቼ ሽጉጥ ገዛሁ። ከእናንተ መካከል በወር ደመወዝ የሚተዳደር ካለ፥ ደመወዝ በተቀበሉ በሦስተኛው ቀን ኪስን አራቁቶ ወደ ቤት መመለስ ምን እንደሚመስል ያውቀዋልና አይፈርድብኝም። ተማሪዎች የሆናችሁ ግን ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፤ የራሴ ተማሪዎችም ሥቀውብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጐንደር ውስጥ ከቅዳሜ ገበያ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ሰፈር፥ አንዲት መነኵሲት የቤታቸውን ዕቃ እየሸጡ ነው ሲባል ሰማሁና ደብተር የማርምበት ጠረጴዛ ባገኝ ብዬ ሄድሁ። ጠረጴዛው አንድ እግሩን ምስጥ በልቶታል። በቀልድ፥ «እማሆይ፥ ከምስጥ የተረፈ ሌላ ዕቃ የለዎትም?» ብላቸው፥ ከአልጋው ሥር ሣጥን ጐትተው በአሮጌ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«እንግዲያው ይህችን ውሰድልኝ ልጄ። የባለቤቴ ነበረች። እሱ ከሞተ ሃያ ዓመት አለፈው፤ እሷ ከሞተች ግን ከዚያ ይበልጣታል» አሉኝ።

ያን ጊዜ አነጋገራቸውን የእርጅና ጨዋታ አድርጌ ቈጠርሁት። ገንዘቡ ለአንዲት ሕፃን መታከሚያ እንደ ሆነ ስለ ነገሩኝ በዋጋ መከራከር አሳፈረኝ፤ የወር ደመወዜን ሲሶ ሰጠኋቸው።

ሕግ የሚያውቅ አንባቢ፥ «ያለ ፈቃድ እንዴት ይሆናል?» ማለቱ አይቀርም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. የወጣ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ የሟቹን የድሮ ወረቀትና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችን ይዤ፥ ሽጉጧን ወደ ቤቴ ሳላስገባ ወደሚመለከተው ክፍል ሄድሁ። ጸሐፊው አገላብጦ አያትና «ይህች እንኳን ሰው ድመት አታስበረግግ» ብሎ ሣቀ፤ ቢሆንም መዝግቦ ወረቀት ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ነው ከእኔ ጋር መኖር የጀመረችው።

አሁን ልግለጻት። ስድስት ጎራሽ ናት፤ አፈሙዟ ስምንት ማዕዘን ነው። በአካሏ ላይ ከዝገቱ ሥር «ብሬሽያ» የሚል የኢጣልያ ከተማ ስም ይነበባል። እጀታዋ ግን የኢጣልያ አይደለም። የፋብሪካው እንጨት ወልቆ በምትኩ ጥቁር የበሬ ቀንድ ለብሳለች፤ ቀንዱ በሦስት የናስ ምስማር ተይዞ፥ ለእጅ እንዲመች ሆኖ ተፍቆና ተወልውሎ፥ ሲነኩት እንደ ተዋበ ጠጠር ይለሰልሳል። ከምላጯ ዙሪያ ያለው የጣት መከለያም ከጥይት ቀለህ ናስ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። በመከለያው ውስጠኛ ጐን፥ ጥፍር በማታህል ቦታ፥ ከግማሽ ጨረቃ በታች ሦስት ጭረት ተቀርጿል።

ይህን ምልክት ነበር የያዝሁት። ሠሪው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ነገር ግን ፈተና ሳርም እንኳ እጄ ወደዚያ ቀንድ ይሄድ ነበር።

በመጀመሪያ የሄድሁት በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ጥገና ላይ ለብዙ ዓመት ወደ ሠሩ አንድ ጡረተኛ ነው። እርሳቸው አንድ ጊዜ እንዳዩአት፥ «ቦዴዮ ናት» አሉ። በ1889 እ.ኤ.አ. ለኢጣልያ ጦር የተሠራች፥ ጥይቷም 10.35 ሚሊሜትር የሆነ፥ ስሟን ከካርሎ ቦዴዮ ያገኘች ሽጉጥ ናት። ለመኰንን የሚሰጠው ዐይነት መከለያ ነበረው፤ ለተራው ወታደር የተሠራው ግን ምላጩ ወደ ፊት የሚታጠፍ ስለ ሆነ መከለያ የለውም። የእኔዋ የተራ ወታደር ናት። የአገራችን ሰው የሚታጠፈውን ምላጭ አውጥቶ በቋሚ ምላጭ ተክቶታል፤ መከለያውንም የጨመረው ስለዚህ ነው።

«ይህን የሠራው ሰው ሞኝ አልነበረም» አሉኝ ጡረተኛው። ቀጥለውም መነጽራቸውን አስተካክለው መምቻውን ሲያዩ ዝም አሉ። ጥይቱን የሚወጋው ጫፍ የገብስ ቅንጣት ያህል አጥሮአል። «አልተሰበረም። በሞረድ ነው የተበላው። አየህ ልጄ፥ ጠርዙ ለስልሷል። በዚህ እንኳን ሰው ሊገደል ጥይቱ አይነካም።»

«ለምን?» አልኋቸው።

«እሱን ባለ እጁን ጠይቀው።»

እንግዲህ ነገሩ ሁለት ሆነ። ሠሪው ማን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራትን ሽጉጥ መልሶ ለምን እንደ ገደላትም ማወቅ ፈለግሁ።

ወደ ፍለጋው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ላንሣ። አያቶቻችን የሚፎክሩባቸው የጠመንጃ ስሞች የማን ስሞች እንደ ሆኑ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ መኰንን የባዚል ግራ ስም ነው፤ «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። ሰናድር አሜሪካዊው ያዕቆብ ስናይደር ነው። ምንሽር የኦስትሪያው መሐንዲስ ማንሊኸር ነው። ለበንም የፈረንሳዩ ኮሎኔል ለቤል ነው። በየሠርጉና በየልቅሶው፥ በወገራም በቋራም፥ አይተናቸው የማናውቃቸውን የፈረንጅ ጠመንጃ ሠሪዎች ስም ስንጠራ እንውላለን። ያንኑ ውጅግራ ሰደፉ ሲሰበር የጠገነው፥ ምላጩ ሲወልቅ የተካው የአገራችን ሰው ግን በአንድ ፉከራ እንኳ ስሙ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ታሪክም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ሲያሠሩ የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ስም ሁሉ ተጽፎ ይገኛል፤ ዋልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደር፥ ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ፥ ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሃል። ሰባ ኩንታል ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለት ሴባስቶፖልም ከመቅደላ ላይ ዛሬም ይታያል። ወናፍ ሲነፉ፥ ከሰል ሲያከስሉ፥ ጉጠት ይዘው ፊታቸው ሲለበለብ የዋሉት የአገር ልጆች ግን «ሠራተኞች» ተብለው ቀርተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ እንኳ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ የተላከ ስጦታ መሆኑን ሕፃን ሁሉ ይማራል።

የእኔዋ ሽጉጥ በየትኛው መንገድ እንደ መጣች በእርግጥ ለማለት አይቻልም። የዐድዋ ምርኮ ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን ጣልያኖች መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጐንደር ገብተው፥ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ እዚህ ከርመዋል፤ በቁልቋል በርና በከተማው ዙሪያ ሲሸነፉ የጣሉትን መሣሪያ የአገሩ ሰው ለቅሞታል። እማሆይ የነገሩኝም የባለቤታቸው አባት አርበኛ እንደ ነበሩና ሽጉጧን ከእርሳቸው እንደ ወረሰ ነው። «ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ወለቃ ወስዶ አሠራት» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልነገሩኝም፤ ሠሪውን ሳነሣባቸው ወደ መቍጠሪያቸው ይመለሱ ነበር።

ወለቃ ከጐንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ በስተሰሜን፥ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ መንደር ነው። የቤተ እስራኤል ሰዎች መንደር ነበር። ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ያልተነካ ማረሻ፥ ያልተሳለ ማጭድ ያለበት ገበሬ ሁሉ ወደዚያ ይሄድ ነበር። እነርሱም በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ የቀሩትም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። በኋለኛው ጊዜ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው መወሰዱን አንብባችሁ ይሆናል። መንደሩ አሁን የሌላ ሰው መኖሪያ ነው፤ ለጐብኚ የሚሸጡ የሸክላ ምስሎች በመንገድ ዳር ተደርድረው ይታያሉ።

ሁለት ቅዳሜ በከንቱ ተመላለስሁ። ምልክቱን በስልኬ ፎቶግራፍ አንሥቼ ላገኘሁት ሁሉ ባሳይ አንዱ የመኪና ምልክት ነው አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ክታብ ነው ብሎ ፊቱን አዞረ። በሦስተኛው ቅዳሜ ከመንደሩ ወደ ላይ ባለው ተረተር አጥር የሚያጥሩ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ፎቶግራፉን ዐይናቸው ሥር አስጠግተው አዩትና ምንም ሳይናገሩ ወደ ጐጆአቸው ገቡ። ሲወጡ ማጭድ ይዘዋል። ስለቱ ከብዙ መሳል የተነሣ እንደ ጨረቃ ጥፍር ቀጥኗል። ከእጀታው አጠገብ ግማሽ ጨረቃና ሦስት ጭረት አለበት!

ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ከእርሳቸው ጋር ተቀመጥሁ። ስሙንም ነገሩኝ። ነገር ግን ቤተ ሰቡ ሳይፈቅድ ስሙን በመጽሔት ማውጣት ስላልፈለግሁ ለጊዜው ባለ እጁ እያልሁ ልቀጥል።

«ያን ጊዜ ፈላሻ ነበር የምንላቸው» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ከእነርሱ ጋር አንበላም፤ እነርሱም ከእኛ ጋር አይበሉም። ከነካናቸው ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። ማን ማንን እንደሚጸየፍ ዛሬ ሳስበው ይጠፋኛል። ልዩነቱ ግን ጦር የነበረን እኛ ነን። ጦሩንም የሚሠሩልን እነርሱ ናቸው።»

ቀጥለው የነገሩኝን ሳላሳምር ልጻፈው። እርሳቸው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ታናሽ ወንድማቸው ታመመ። ቡዳ በልቶታል ተባለ። አባትዮው በሌሊት ጦር ይዞ ወደ ባለ እጁ ቤት ሄደ። ባለ እጁ ያን ጊዜ ወጣት፥ ገና አንድ ልጅ የወለደ ነበር። በጦር ጫፍ እየነዳ አምጥቶ በታመመው ልጅ ላይ እንትፍ እንዲል አደረገው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የአገሩ ወጣቶች ተሰብስበው የባለ እጁን ጐጆ አቃጠሉ።

«ሰኔ መጣ» አሉ ሽማግሌው። «ዝናብ ጀመረ። የአባቴ ማረሻ ተሰበረ። በዚያ ሁሉ አገር ሌላ ቀጥቃጭ የለም። አባቴ ሁለት ቀን ጓሮ ለጓሮ ሲዞር ዋለና በሦስተኛው ቀን እኔን ላከኝ። ማረሻውን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አቀበልሁት። ተቀበለኝ፤ ሠራው። ዋጋውን ስጠይቀው የዱሮውን ነገረኝ። አንድ ቁና እንኳ አልጨመረም። አባቴን ይህ ነው የገደለው። ቢጨምርበት ኖሮ ይቀለው ነበር።»

አንባቢዎቼ፥ እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ በቻልሁ ነበር። ዳሩ ግን ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ እኔ የማስበው ስለ ሌላ ሰው ነበር። ወገራ ውስጥ ስማር፥ በአምስተኛ ክፍል፥ የቀጥቃጭ ልጅ ከአጠገቤ አስቀመጡ። ሴት አያቴ ይህን ስትሰማ በአንገቴ ላይ ነጭ ሽንኩርት ቋጠረችልኝና ቦታ እንድቀይር አዘዘችኝ። በማግሥቱ ለአስተማሪው «ሰሌዳው አይታየኝም» ብዬ ዋሽቼ ተነሣሁ። ልጁ ዐውቆታል። በዚያ ዓመት ከዚያ አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀመጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት አልመጣም። ይህ የሆነው በአያቶቻችን ዘመን አይደለም፤ እኔ ገና የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ። አፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውን፥ ባለ ሙያውን ሁሉ በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ይህንኑ አዋጅ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ዓመተ ምሕረቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፍና፥ ያን አግዳሚ ሳልነግራቸው አልፈዋለሁ።

ሽማግሌው ስለ ሽጉጧ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ባለ እጁ በግንቦት 1983 ከቤተ ሰቡ ጋር ሄደ። ከመሄዱ በፊት ወናፉን አቃጠለው አሉ፤ መዶሻውንና ጉጠቱን ይዞ ሄደ። ለምን እንዳቃጠለው ጠየቅኋቸው። «ለማን ይተወው?» አሉኝ።

በዚያው ማታ ወደ እማሆይ ዘንድ ሄጄ የሰማሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። የጐጆውን መቃጠል ሲሰሙ አማተቡ። ከዚያም መቍጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«መምቻዋን ያስበላሁት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ነገሩ የሆነው በ1968 ዓ.ም. ነው። በዚያ በፊት ባለው ዓመት፥ በየካቲት 1967፥ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ታውጆ ነበር፤ በየመንደሩም መሬት ሲሸነሸን የድንበር ጠብ በዛ። ባለቤታቸው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ የድንበር ድንጋይ ተጣላ። ጠላ በጠጣ ቍጥር ሽጉጧን እያወጣ ይምል ጀመር። ጥይቷ እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም፤ ከአባቱ የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ፤ ለመግደል ግን አንዱ ይበቃል።

«አንድ ቀን ገበያ ሲወርድ ሽጉጧን በዘንቢል ከሽምብራ ሥር ከትቼ ወለቃ ሄድሁ። ቀንዱን ያለበሰላት እሱ ነው፤ ያውቃታል። 'አበላሽልኝ፥ ግን እንዳይታወቅ' አልሁት። ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየ። 'እመቤቴ፥ ባለቤትሽ ቢያውቅ አስቀድሞ እኔን ነው የሚገድል' አለኝ። አውቃለሁ አልሁት። ሌላ ምንም አላለም። ቡና እስኪፈላ ያህል ሞረደው። ገንዘብ ባወጣለት እጁን ሰበሰበ።»

በዚያው ክረምት ባለቤታቸው በእርሻ ላይ ሽጉጧን በጎረቤቱ ደረት ላይ ደቅኖ ምላጩን ሳበ። ቀጭ አለች። ደግሞ ሳበ። ቀጭ! ሰው ደርሶ ያዘው፤ ሽማግሌ ገባ፤ እርቅ ወረደ፤ እርቁም እንዲጸና ልጅ ለልጅ ተጋቡ። ሰውዬው እስኪሞት ድረስ የጣልያን ጥይት ሲረግም ኖረ። «እርጥበት ገብቶበት ነው» ይል ነበር። ሽጉጧንም በየሠርጉ ታጥቋት ይሄዳል፤ ባለ ቀንድ እጀታዋን ሰው ሁሉ ያደንቅለት ነበር።

«ያ ጎረቤታችሁስ?» አልኋቸው።

«ዐረፈ፤ በአልጋው ላይ፥ በሰላም። ያች የምትታከመው ሕፃን የልጅ ልጃችን ልጅ ናት። የእኔም የእሱም» አሉኝ። ከዚያም ይህን ለነፍስ አባታቸው እንኳ እንዳልተናገሩ ነግረውኝ፥ «አሁን ልትጽፈው ትችላለህ፤ የሚጣላበት ሰው የለም» አሉኝ።

የጐጆው መቃጠልና የሞረዱ ነገር በመካከላቸው ሃያ ዓመት ያህል አለ። ያ ሰው ሞረዱን ሲያነሣ ያን ሌሊት አስታውሶ እንደ ሆነ አላውቅም፤ እኔ ብሆን ሽምብራዋን ይዛ እንድትመለስ አደርጋት ነበር ብዬ ለራሴ አምኛለሁ።

ከጐንደር ልጆች አንዱ፥ ዘመዶቹ በእስራኤል አገር ያሉ፥ የምልክቱን ፎቶግራፍ በስልክ ላከልኝ። ስድስት ሳምንት ያህል መልስ አልመጣም፤ እኔም ተስፋ ቈርጬ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ከባለ እጁ ሴት ልጅ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። አማርኛዋ እንደ ወለቃ ነው፤ አልተለወጠም። በልጅነቷ ወናፍ የምትነፋው እርሷ እንደ ነበረች፥ አባቷ እዚያ ከደረሰ በኋላ መዶሻ ጨብጦ እንደማያውቅ፥ ከሞተም ብዙ ዓመት እንደ ሆነው ነገረችኝ። ግማሽ ጨረቃው ማጭድ ነው፤ ሦስቱ ጭረቶች ሦስቱ ልጆቹ ናቸው፤ ሲጀምር አንድ ጭረት ብቻ ነበረው አለች። ስለ ሽጉጧ አባቷ አንድ ቀን እንኳ አላወራም። ስሙን ስለ መጻፍ ወንድሞቿን ጠይቃ እንደምታስታውቀኝ ተናገረች።

ሽጉጧን ትፈልግ እንደ ሆነ ብጠይቃት አልፈለገችም። የፈለገችው ማጭዱን ነው። የሽማግሌውን ማጭድ በማንኛውም ዋጋ ገዝቼ እንድልክላት ለመነችኝ።

እኔም በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ወለቃ ሄጄ ልመናዋን አደረስሁ። ሽማግሌው ማጭዱን ከግድግዳው አውርደው በአውራ ጣታቸው ስለቱን ፈተኑት። ዋጋ አልጠየቁም፤ እሰጣለሁ አሉ። ነገር ግን የገብሱ አጨዳ ሳያልቅ እንደማይሆን፥ በዚህ አገር ከዚህ የሚሻል ማጭድ እንደሌለ ነግረው፥ በታኅሣሥ እንድመለስ ቀጠሩኝ።